ከኩታበር በላይ ባለው ሸንተረር የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ መንገዱ፣ ጠባቂዎቹና ጉድለታቸው

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኩታበር የሚወጣ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው ተራራ ሁሉ አንድ ይመስለዋል፤ ዝናቡ ግን ለሁለት ይከፍለዋል። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለው ጎን የተቀበለውን ውሃ በቦርከናና በሚሌ በኩል ወደ አዋሽ ይሰዳል፤ አዋሽም የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ላይ ስለሚቀር፣ ያ ውሃ ባሕር ሳያይ ይተናል። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ጎን ደግሞ ከኩታበር በስተ ምዕራብ ለሚነሣው ለበሽሎ ይገብራል፤ በሽሎም በመቅደላ በኩል አልፎ ዓባይን ይቀላቀላል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው በእነዚህ ሁለት ጎኖች መካከል በአፋፉ ላይ የተዘረጋውን የእግር መንገድና መንገዱን የሚጠብቁትን በጎ ፈቃደኞች አገልግሎት ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ አንዴ በየካቲት፣ የተፋሰስ ሥራው በተጧጧፈበት ሰሞን፣ አንዴ ደግሞ ክረምቱ በወጣ ማግሥት፣ በመስከረም መጨረሻ። ስለ ተራራ መንገድ ለመናገር የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ወራት ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በየካቲት ያማረ መንገድ ነሐሴን ካልተሻገረ ማማሩ ምንም አይደለምና።

አገልግሎቱን የሚሰጠው አስጎብኚ ድርጅት አይደለም። በሸንተረሩ ሥር ያሉ ቅሬዎች ከየመንደሩ ሰው አውጥተው ያቋቋሙት ስብስብ ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ነው፤ በወሎ ግን ከቀብርና ከለቅሶ አልፎ ብዙ ሸክም ይሸከማል፣ ዳኝነቱም እርቁም የወል ሥራውም በእርሱ በኩል ያልፋል። ስብስቡ ቢሮም ሰሌዳም የለውም፤ ያለው አንድ ደብተር፣ መጋዘን የሚሉት አንድ የቆርቆሮ ቤትና በተራ እንግዳ የሚመሩ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። የሠፈሩ ሰው «የተፋሰሱ ልጆች» ይላቸዋል፤ ከ«ልጆቹ» መካከል ግን ጠጉራቸው የነጣ አባቶችም አሉ። የሥራ ቀን ለመቁረጥ ሲቀመጡ ዓርብን ለጁምዓ፣ እሑድንና የወሩን በዓላት ለቤተ ክርስቲያን፣ የገበያውን ቀን ደግሞ ለሁሉም ይለቃሉ፤ የሚተርፈው ቀን ጥቂት ስለሆነ ይመስለኛል የሚቀልድበት ሰው አላየሁም።

ጉዞው የሚነሣው ከአንድ የድንጋይ ክምር ነው። እያንዳንዱ ተጓዥ ከክምሩ አንድ ድንጋይ መርጦ ይዞ ይወጣል። ሕፃን የሚሸከማት ጠጠር ብትሆንም ግድ የለም፤ ባዶ እጅ መውጣት ግን አይቻልም። በየካቲት ይህን ስሰማ ለእንግዳ የተዘጋጀ ጨዋታ መሰለኝ፤ ገንዘብ ከፍዬ ድንጋይ መሸከሜም ትንሽ ከነከነኝ። የምትመራን ወጣት ፊቴን አይታ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ «ጋሼ፣ ከላይ ያለውን ድንጋይ ካነሣነው መሬቱን ማራቆታችን ነው፤ ስለዚህ ከታች ካለው ቋጥኝ ፈልጠን ነው የምናወጣው» አለችኝ። ነገሩ እውነት ነው። በዳገት ላይ የተበተነ ድንጋይ የዝናቡን ጠብታ የሚቀበል፣ የሚሮጠውንም ውሃ የሚያዘገይ የአፈር ልብስ ነው፤ እርሱን ለቅሞ ጎርፍ የሚገታ የድንጋይ ክትር መሥራት ከአንዱ ቀዳዳ ቆርጦ ሌላውን እንደ መጣፍ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ድንጋዬን ሳላጉረመርም ተሸክሜያለሁ፤ ከአንድ ሰዓት ዳገት በኋላ ግን ትንሽ መምረጥ ነበረብኝ ማለቴ አልቀረም።

ወደ መንገዱ ልግባ። የእግር መንገድ በተራራ ላይ ሲበላሽ አብዛኛው ሰው የሚከሰው ከብቱንና መንገደኛውን ነው። እውነት ነው፣ ኮቴና ጫማ መሬቱን ይረግጡታል፤ የተረገጠው መሥመር ግን ከግራና ከቀኙ ዝቅ ስለሚል ዋናው ጥፋት የሚመጣው ዝናብ ሲጥል ነው፤ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ቦይ የተቆፈረለት ያህል ወደ መንገዱ ይገባል። በጥቂት ክረምት ውስጥ መንገዱ ጉልበት ድረስ ይሰረጉዳል፤ ሰው አስቸጋሪ ሲሆንበት ከጎኑ ሌላ መንገድ ያወጣል፤ ያኛውም በተራው ይሰረጉዳል። የጦሳን ተራራ በእግሩ የወጣ የደሴ ሰው፣ ጎን ለጎን እንደ ጣት የተሰነጣጠሩትን መንገዶች ሳያስተውላቸው አይቀርም። ከኩታበር በላይ ያለውን መንገድ ከብዙዎቹ የሚለየው ጠባቂዎቹ መንገዱን እንደ እርሻ ማሳ፣ ማለትም ውሃው ሊታሰብለት የሚገባ መሬት አድርገው መያዛቸው ነው።

ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። መንገዱ ወደ ገደሉ በኩል በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ውሃ አብሮት አይጓዝም፣ ተሻግሮት ያልፋል። ዳገቱ በሚበረታበት ቦታ ሁሉ በየአሥራ አምስትና በየሃያው እርምጃ አንድ አግድም የድንጋይ ረድፍ አለ፤ ረድፉ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ ተቀምጧል፣ ከድንጋዩም የሚበዛው በመሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። የሮጠው ውሃ ረድፉን ሲነካ ወደ ጎን ይዞራል፤ በሚወጣበት ቦታ ደግሞ ሣር የበቀለበት ጉድጓድ ተቀብሎ ያሰርገዋል። ጉድጓዱ ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቅ መሪያችን እንደ ቀላል ነገር፣ «ውሃውን ከመንገድ አውጥተን የሰው ማሳ ላይ ከለቀቅነው በቅሬ እንከሰሳለን» አለች። በየካቲት ከመጀመሪያው ምንጭ እስከ አፋፉ ድረስ አርባ አንድ ረድፍ ቆጥሬ ነበር፤ በመስከረም ስመለስ ከእነዚያ ውስጥ ሠላሳ ስምንቱ በቦታቸው ነበሩ። የሦስቱ ጥፋት አንድ ዓይነት ነው፤ ከጀርባቸው ደለል ሞልቶ ውሃው ዘሏቸዋል። መሪዎቹ በከዘራ ፋንታ ዶማ ይዘው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ስለ ዛፉና ስለ አገሩ እያወሩ በየረድፉ ሲደርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቧጥጠው ደለሉን ወደ ጎን ይጥላሉ፤ ወሬው ግን አይቋረጥም። ከዚህ በላይ ያስደሰተኝ የአስጎብኚ ሥነ ሥርዓት አላየሁም።

የጉዞው ዋና ክፍል፣ ቢያንስ ለእኔ፣ ከአፋፉ በታች ያለው ቦረቦር ነው። አንዳንድ ጎብኚዎች ከላይ ሆነው ወደ በሽሎ ሸለቆ መመልከትን ይመርጣሉ፤ ዕይታው በእርግጥ የሚያስደነግጥ ነው፣ ሸለቆ በሸለቆ ላይ ተደራርቦ እስከ ሰማይ ጥግ ይሄዳል። ቢሆንም ዕይታ በብዙ የወሎ አፋፍ ላይ አለ፤ ይህ ቦረቦር ግን ሰው ምን እንደሚያውቅ የሚታይበት ቦታ ነው። ቀደም ሲል መንገዱን ለሁለት ቆርጦት ነበር። አሁን ከላይ እስከ ታች በተከታታይ በተሠሩ የድንጋይ ክትሮች ተይዟል፤ ተጓዥም በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ተሻግሮ ያልፋል። በየካቲት ሥራው ላይ ስለ ደረስኩ አሠራሩን ከአጠገብ ለማየት ችያለሁ። ሁለት ሰዎች ሁለት እንጨት አቁመው በመካከላቸው የአሥር ሜትር ሲባጎ ይወጥራሉ፤ ሲባጎው መሐል ላይ የውሃ ልክ ይንጠለጠላል፤ ላይን ሌቭል የሚሉት እርሱ ነው። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይለካሉ፤ እንዲህ ሲሆን በሁለቱ መካከል የሚሞላው ደለል ሜዳ እየሆነ ይመጣል፣ ውሃውም ጉልበት ሳያገኝ ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወርዳል። የክትሩ ሁለት ክንፎች በግራና በቀኝ ግድግዳ ውስጥ ተቆፍረው ይገባሉ። መሐሉ ከክንፎቹ ዝቅ ይላል። ከግርጌው ደግሞ ውሃው ሲወድቅ መሬቱን እንዳይቦረቡረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል።

መሐሉ ዝቅ ማለት አለበት የሚለው ነገር በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ሰባተኛው ክትር ላይ ስንደርስ ግን መሪያችን ከአዲሱ ጎን ያለውን የፈረሰ ግንብ አሳየችን። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሠሩት ነው፤ አናቱን እንደ ቤት ግድግዳ አስተካክለው ጨረሱት፣ አየነው አማረን፣ ፎቶ ተነሣንበት አለች። አንድ ሌሊት በጣለ የነሐሴ ዝናብ ውሃው መሐል ለመሐል የሚያልፍበት በር ሲያጣ በክንፉ በኩል ዞረ፤ ግድግዳውን በልቶ ከመንገዱ ሁለት ሜትር የሚሆነውን ይዞ ሄደ። ፍርስራሹን ለምን እንዳላነሡት ስጠይቅ ሆን ብለው እንደተዉት ነገረችኝ፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ሌላ ትምህርት ሳይሰጡ እርሱን ብቻ ያሳዩታል። ጥፋቱን አጥሮ ለእንግዳ የሚያስጎበኝ አገልግሎት ከዚህ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም።

እዚያው ቦረቦሩ አጠገብ አንድ አዛውንት አገኘን። ወጣቶቹ «አያ» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ የክትሩን ድንጋይ አቀማመጥ የሚያዩት እርሳቸው ናቸው። ከላይ ያለውን አሮጌ እርከን እያሳዩን፣ «ይህን በሰባዎቹ በእጄ ሠርቼዋለሁ፤ በሰማንያ ሦስትም በእጄ አፍርሼዋለሁ» አሉ። ነገሩ የወሎን የቅርብ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከ1966ቱ ድርቅ በኋላ፣ ይልቁንም በ1970ዎቹ፣ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በወሎ ተራሮች ላይ ብዙ እርከን በምግብ ለሥራ ተሠርቷል፤ የአንድ ቀን ክፍያው 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። ዳገቱም በመመሪያ ተከልሎ ለግጦሽ ተዘጋ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የተከለለው ደን ተቆረጠ፣ እርከኑም ፈረሰ። አዛውንቱ ይህን ሲናገሩ ራሳቸውን አላስጨነቁም፤ ያኔ ድንጋዩን የደረደርነው ለስንዴው ነበር፣ መሬቱ ሲከለል የጠየቀን የለም፣ ሰሌዳውም የእኛ አልነበረም፤ ስንዴው ሲቀር እርከኑ የማን ሆኖ ይቆያል? አሉ። ቀጥለውም ራቅ ብሎ የሚታይ ቤታቸውን በጣታቸው እያሳዩ መሠረቱ የእርከን ድንጋይ መሆኑን ነገሩን። ከወጣቶቹ አንዱ ሳቀ። እርሳቸውም ሳቁ፤ ቀጥለው ግን እኔ ያመጣሁትን ድንጋይ ከቦታው አንሥተው አዞሩት፤ እኔ ሰፊውን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ አሳምሬ ነበር ያስቀመጥኩት፣ እርሳቸው ግን ረጅሙን ጎኑን ወደ ክትሩ ሆድ አስገቡት። «አሁን ያዘ» አሉ።

ይህን ሁሉ ለመንገድ ግምገማ በዛ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን የሚከፍለው ሰው ምን እንደሚከፍልበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። የስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስሌት በኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ላይ በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይታጠባል፤ ይህ በማሳው ላይ ቢነጠፍ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ንጣፍ ነው። ዓመቱን ብቻ ለሚያይ ዓይን አይሞላም፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ግን የሚታረሰውን ይጨርሰዋል። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያ ጣቢያውን እ.ኤ.አ. በ1981 የከፈተው ከዚሁ ብዙም ሳይርቅ፣ በደቡብ ወሎ ማይባር ላይ ነው፤ ከወንዙ የሚወርደው ደለልና ከማሳው የሚታጠበው አፈር ለዓመታት የተለካው እዚያ ነው። መሪዎቹ ማይባርን በስም ያውቁታል፣ ያልተማሩ ገበሬዎች ልጆች ናቸው ብሎ የሚገምት ሰው ያፍራል። አፈሩ የሚሄደው በልግም ሆነ ክረምት ሲገባ፣ መሬቱ ታርሶ ገና ቡቃያ ሳይሸፍነው በሚጥለው ኃይለኛ ዝናብ መሆኑን ለተጓዡ የሚያስረዱት ማሳውን በጣት እያሳዩ ነው።

የተከለለው ዳገት ከቦረቦሩ በላይ ይጀምራል። ከብት አይገባበትም፤ ሣሩ ግን ለማንም አይከለከልም፣ ጊዜው ሲደርስ በዕጣ ተከፋፍሎ ታጭዶ ይወሰዳል። ጥድና ወይራ በየመካከሉ ራሳቸው መብቀል ጀምረዋል፤ ከሥራቸው ቀጋና እምቧጮ ተጠላልፏል። ከፍ ሲሉ አስታው ይጀምራል፣ ነፋሱም ይለወጣል። ሽኮኮ በየቋጥኙ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ዝንጀሮ ደግሞ ከገደሉ ወጥቶ ገብስ ሊሰርቅ ሲመጣ የሚጮኹት እረኞች ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ብርቅ አውሬ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ወደ ቦረና ሳይንት ወይም ወደ አቡነ ዮሴፍ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ይህ የዚያ ዓይነት ጉዞ አይደለም።

ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የአካባቢው ሰው ከባሕር ዛፍ ይጠቀማል፤ ቤት ይሠራበታል፣ ይሸጠዋል፣ ያነደዋል፣ ስለዚህ ንቀሉት ብሎ መስበክ የከተማ ሰው ቅንጦት ነው። ቡድኑ የወሰነው ከምንጮቹ ዙሪያ ብቻ እንዲነሣ ነው፤ ይህም ቀላል አልነበረም፣ አንድ ባለ ይዞታ ለረጅም ጊዜ እምቢ ብለው በመጨረሻ በቅሬው ሽምግልና ተስማምተዋል። በምትኩ የተተከለው የአገር በቀል ችግኝ በመስከረም ስናየው ጉልበት ያህል ደርሷል፣ ሁሉም ግን አልጸደቀም። ባሕር ዛፉ ከተነሣ ወዲህ ምንጩ ጨምሯል የሚሉ ብዙ ሰዎች አግኝቻለሁ። ይሁን እንጂ ማንም ለክቶት ስለማያውቅ እኔ ለመመስከር አልችልም፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አስቀምጦ ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በየወሩ መመዝገብ ሰዓትና ደብተር ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ሲባጎ ወጥረው በውሃ ልክ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ቸል ማለታቸው ይቆጨኛል።

ምሳው የገብስ ቂጣ በአዋዜ፣ እርጎና ቆሎ ነው፤ ይበቃል፣ ይጣፍጣልም። ቡናው እስከ በረካ ድረስ ይፈላል፣ ከመጠጣቱ በፊትም በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሚን ይላል። አቦሉን ጠጥቶ ልሂድ የሚል እንግዳ ሰው እንደሚያስቀይም ይወቅ።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ፤ ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያው ቀላል ሊባል የማይችለው የመጸዳጃው ጉዳይ ነው። ምሳ በሚበላበት ቦታ ያለው መጸዳጃ ጉድጓድ የተቆፈረው ከታች ካለችው ትንሽ ምንጭ በላይ፣ ከአርባ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ነው። የአንዲት ጠብታ መንገድ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ይህን እንዴት ሳያስቡት እንደቀሩ አልገባኝም። በየካቲት ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባባሉ፤ አዛውንቱ ብቻ «ልክ ነው፣ እኛ ጎርፉን እንጂ ይህን አላሰብነውም» አሉ። በመስከረም ስመለስ ከምንጩ በታች በስተ ጎን አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር፤ ቤቱ ግን አልተሠራለትም፣ አሮጌውም ገና በሥራ ላይ ነበር። ይህ እስኪጠናቀቅ ድረስ የዚያችን ምንጭ ውሃ ሳያፈሉ መጠጣትን ለማንም አልመክርም።

ሁለተኛው ምልክት ነው። አፋፉ ላይ ከወጡ በኋላ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ፤ ቀኙ ወደ ምሳው ቦታ ይወስዳል፣ ግራው ወደ ገደሉ ጫፍ ሄዶ ይቀራል። ጠባቂዎቹ ለራሳቸው ስለማይሳሳቱ ምልክት አያስፈልግም ብለው ያስባሉ፤ ቀድሞ የቆመው የእንጨት ምልክትም ማገዶ ሆኖ ቀርቷል። በመስከረም ጉም ወርዶ ስለ ነበር ከኋላ የቀረነው አራት ሰዎች በግራ ሄደን ግማሽ ሰዓት ያህል ባዝነናል፤ የመለሰን የአንድ እረኛ ፉጨት ነው። ሳይጎዳ ያለፈ ነገር ስለሆነ ዛሬ እንስቅበታለን። ነገር ግን አንድ መሪ ለአሥራ ሦስት ተጓዥ መመደቡ ስሕተት ነው፤ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ካልሆነ በጉም ወቅት መውጣት የለበትም። በድንጋይ ላይ ቀለም መቀባት እንኳን ችግሩን ያቃልለው ነበር።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንነሣለን ተብሎ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥተናል። ምክንያቱ በየካቲት የሥራው ስብሰባ፣ በመስከረም ደግሞ የአንድ ጎረቤት ለቅሶ ነበር፤ ሁለቱም የሚከበሩ ምክንያቶች ናቸው፣ ከደሴ በጨለማ ተነሥቶ ለመጣ ሰው ግን ስልክ መደወል ይቻል ነበር። ከሰዓት በኋላ ዳመና ስለሚጫን የጠፋው ሰዓት ተራ ሰዓት አይደለም፣ የዕይታው ሰዓት ነው።

የሚከፈለው ለአንድ ሰው 400 ብር ሲሆን ምሳውንም ቡናውንም መሪውንም ይጨምራል፤ ዋጋው ተገቢ ነው፣ ለእኔ እንዲያውም ዝቅ ያለ መሰለኝ። ደረሰኝ የለም። በምትኩ ገንዘቡ በደብተር ይጻፍና ማታ ሲመለሱ በተጓዡ ፊት ይነበባል፤ በወሩ መጨረሻም በቅሬው ጉባኤ ላይ እንደሚነበብ ነግረውኛል። በመስከረም የተነበበው ገጽ ላይ ለአካፋ እጀታ፣ ድንጋይ ለሚታሰርበት የጋቢዮን ሽቦና ለአንድ የታመመ ሠራተኛ መጠየቂያ የወጣ ወጪ ነበር። የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ለሚያቀርብ ሰው ደረሰኝ ማጣቱ ችግር ይሆንበታል፤ ለሌላው ደብተሩ ይበቃዋል።

ማደሪያ የለም። በሰሜን ወሎ በመቄት ደጋ ላይ ገበሬው ራሱ እንግዳ እየተቀበለ የሚያሳድርበትን የእግር ጉዞ የሚያውቁ ሰዎች እዚህም ያንን ሊጠብቁ ይችላሉ፤ ይህ ግን ሄዶ መመለሻ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ቡድኑ ጎጆ ለመሥራት ሐሳብ እንዳለው ሰምቻለሁ። መጀመሪያ መጸዳጃውን ይጨርስ እላለሁ።

ለመሄድ የሚሻለው ወር የሚወሰነው በሚፈለገው ነገር ነው። አደይ አበባና አረንጓዴ ሸለቆ ለሚፈልግ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይመቻሉ፤ ጫማው ግን ጭቃ የሚችል ይሁን። ሥራውን ማየት ወይም አብሮ መሥራት የሚፈልግ ሰው መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በልጉ ሳይጥል፣ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሂድ፤ የሚሠራ ሰው መክፈል አይጠበቅበትም፣ ምሳውን ግን እኩል ይበላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መንገዱ ለእንግዳ ዝግ ነው፤ ያኔ የሚወጡት ጠባቂዎቹ ብቻ ናቸው፣ ዝናብ በጣለ ማግሥት ዶማ ይዘው ረድፍ በረድፍ ይዞራሉ። ጉልበቱ ወይም ትንፋሹ የሚያስቸግረው ሰው እስከ ሦስተኛው ክትር ድረስ ሄዶ ቢመለስ ብዙ አይቀርበትም። የደሴ ከተማ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከቆላ የመጣ እንግዳ አንድ ቀን እዚያ ቢያድር ዳገቱ ይቀልለዋል።

በመስከረም ሰባተኛው ክትር ላይ ስደርስ የየካቲቷን ድንጋዬን ፈለግሁ። አልተገኘችም፤ ከክትሩ ጀርባ ደለል እስከ አናቱ ሞልቶ ሰርዶ በቅሎበታል፣ አንዲት ሴት ልጅም እያጨደችው ነበር። ክትሩ ስለ ሞላ በመጪው የካቲት አንድ ረድፍ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ከታች ካለው ክምር ሲመርጡ ክብ ድንጋይ አያንሡ፤ ክብ ድንጋይ እርስ በርሱ አይያያዝም፣ አዛውንቱም ሳያፍሩ ይመልሱታል። ረዘም ያለና ማዕዘን ያለው ይሁን።